ደላላና ጦማሪ፦ ከበይነ መረብ ገቢ ስለ ማግኘት በአምበር የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬውን ርእስ የመረጥነው እኛ አይደለንም። ፋኩልቲያችን ለሕዝብ የሚያቀርባቸውን ገለጻዎች ሲያቅድ ስለ እህል ዋጋና ስለ ቁጠባ ማኅበራት ለመናገር አስቦ ነበር። ከወጣቶች የደረሰን ጥያቄ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ፤ «በስልክ ብቻ ዶላር ይገኛል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል። ከጥያቄው ኋላ ያለውን ነገር ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መሬቱ ለወንድማማች ሲከፋፈል አንሷል፤ የተመረቀው ልጅ ሥራ አላገኘም፤ ስልኩ ግን በእጁ አለ። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ዋዛ ልናየው አይገባንም። ገንዘቡ በእርግጥ ይገኛል፤ የሚያገኙትም ሰዎች አሉ። እኔ ዛሬ የምመረምረው ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣና በየትኛው መንገድ ተጉዞ እዚህ እንደሚደርስ ነው።

ስሙ አፊሊየት ማርኬቲንግ ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ሥራው ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ድለላ ነው። በከብት ገበያ ደላላው በሬ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ያለው ዕውቀትና አመኔታ ነው። የትኛው በሬ እርሻ እንደለመደ፣ የትኛው እንደሚዋጋ፣ ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነና ዋስ ሊሆነው የሚችለው ማን እንደሆነ ያውቃል። ገዥው የሚከፍለው ለዚያ ዕውቀት ነው። ደላላው አንድ ጊዜ የታመመ በሬ ጤነኛ ነው ብሎ ቢያሻሽጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አይጠራውም። በበይነ መረብ ላይም ያለው ሰው እንዲሁ ነው፤ ዕቃው የሌላ፣ ገንዘቡ የሌላ፣ የእርሱ የሆነው ቃሉ ብቻ ነው። በድረ ገጹ ወይም በጦማሩ ላይ ስለ አንድ ዕቃ ይጽፋል፤ ከጽሑፉም ውስጥ የእርሱ መለያ ቁጥር ያለበትን ማስፈንጠሪያ ያኖራል፤ አንባቢው ያንን ተጭኖ ቢገዛ ሻጩ ለጸሐፊው ኮሚሽን ይከፍላል።

ይህ አካባቢ ለሩቅ ንግድ አዲስ አለመሆኑንም ላስታውስ። በ19ኛው ምእተ ዓመት የባሶ ገበያ፣ በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ፣ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዐባይ ማዶ፣ በጉዱሩ በኩል፣ ቡናና ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣ ነበር፤ ለባርነት የሚሸጥ ሰውም ይመጣ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ገበያው ማሞገስ የታሪክ ተማሪን አያስመሰግነውም። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌው ከአፋር በረሓ ሲቆረጥ ርካሽ ነው፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ግን አንድ ብር የሚገዛው የአሞሌ ቍጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጭነት ከብቱ ድካም፣ የመንገዱ ስጋት፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሁሉ በጨው ላይ ይታሰባል። ስለ ኬላዎቹ ያነሣሁት ወደ ኋላ ስለምመለስባቸው ነው፤ የዛሬውም ዶላር በኬላ በኬላ እየተቆረሰ ነው የሚደርሰን።

አሁን ወደ ሥራው ስሌት ልግባ። የአማዞን ኩባንያ የአጋር ሻጮችን መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። መጻሕፍት ያስተዋውቁ ለነበሩ ድረ ገጾች ከሽያጩ ድርሻ መስጠት ነበር ሐሳቡ፤ ከዚያ በኋላ የብዙ ኩባንያዎች ልማድ ሆነ። ሊታወቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩ መሆኑ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የቤት ዕቃ ኮሚሽንን ከ8 በመቶ ወደ 3፣ የምግብ ሸቀጥን ደግሞ ከ5 በመቶ ወደ 1 አወረደ። በዚያ ገቢ ቤተሰብ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰዎች የተነገራቸው ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። የሚመክሩበት ጉባኤ፣ የሚከራከሩበት ማኅበር አልነበራቸውም። ማስፈንጠሪያውም ዘላለማዊ አይደለም፤ በአማዞን ደንብ አንባቢው ከተጫነ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ዕቃውን መግዣ ቅርጫቱ ውስጥ ካልጨመረ የደላላው ድርሻ ይቀራል። አዲስ የተመዘገበ ሰውም በ180 ቀናት ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላስገኘ መዝገቡ ይዘጋል።

እስኪ በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኋቸው ናቸው። ጦማሪው 50 ዶላር የሚያወጣ የቤት ዕቃ ያስተዋውቃል፤ ኮሚሽኑ 3 በመቶ ነው እንበል። ከአንድ ሽያጭ አንድ ዶላር ተኩል ያገኛል። ገንዘቡን በቼክ ለመቀበል ቢያንስ 100 ዶላር መሙላት አለበት፤ ይህም 67 ሽያጭ ማለት ነው። ማስፈንጠሪያውን ከተጫኑት 100 ሰዎች ሁለቱ ይገዛሉ ብንል 3,350 ሰው መጫን አለበት። ጽሑፉን ካነበቡት አሥር ሰዎች አንዱ ይጫናል ብንል ደግሞ 33,500 አንባቢ ያስፈልጋል። ከቼኩ ላይ 15 ዶላር ለማዘጋጃ ይቆረጥና 85 ይቀራል። ይህን ስሌት የማቀርበው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። 33,500 አንባቢ ማግኘት የሚችል ሰው አለ፤ ግን ያ ሰው ብዙ ጊዜ ለዓመታት የጻፈ፣ አንድን ጉዳይ ከማንም በተሻለ የሚያውቅ ሰው ነው። «በሳምንት ውስጥ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ከዚህ ስሌት ጋር አብሮ አይሄድም።

ስለ ጦማር ጥቂት ልበል። «ጦማሪ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የሰማው በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲታሰሩ ነው። ከዚያም በፊት፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም.፣ ብሎግስፖት የተባለው የጦማር ማኖሪያ ከአገር ውስጥ እንዳይከፈት ሆኖ ነበር። በሌላው ዓለም ጦማር የማብሰያ ዘዴ፣ የጉዞ ወግ፣ የዕቃ ግምገማ የሚጻፍበት የንግድ ቦታ ሆኖ ሲያድግ፣ በእኛ አገር ቃሉ ገና ከመነሻው የፖለቲካ ሽታ ያዘ። ብዙ የሚጽፍ ሰውም ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ሄደ። ውጤቱን ዛሬም እናያለን፤ በአማርኛ ስለ ጤፍ አዘራር፣ ስለ ንብ ማነብ፣ ስለ ስልክ ጥገና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ በጥንቃቄ ተጽፎ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺሕ ገደማ መጣጥፎች ሲኖሩት የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በአማርኛ ቢጻፍ ማን ይገዛል? የቢቸና ነዋሪ ከአማዞን ዕቃ አያዝዝም። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም የሚኖረው ወገናችን ግን አማርኛ ያነባል፤ የባንክ ካርድም አለው፤ ዕቃም በየቀኑ ያዝዛል። ምጣድ የት እንደሚገኝ፣ ለእናቱ የሚልከው የደም ግፊት መለኪያ የቱ እንደሚሻል፣ ለልጁ ፊደል የሚያስተምር መጽሐፍ ማን እንደሚሸጥ በቋንቋው የሚነግረው ቢያገኝ ያነባል። ስለዚህ በእኔ ግምት ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ስለ አሜሪካ ፍራሽ ከሚጽፍ ወጣት ይልቅ፣ በአማርኛ ለውጭ ነዋሪ የሚጽፍ ወጣት የተሻለ ዕድል አለው። የመጀመሪያው በሕይወቱ ያልተኛበትን ፍራሽ ነው የሚያሻሽጠው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የፍለጋ ሥርዓቱን ሲለዋውጥ ብዙ ትናንሽ የእንግሊዝኛ ግምገማ ገጾች አንባቢያቸውን አጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ ደግሞ መልሱን ራሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አዘጋጅቶ ከላይ ማሳየት ይዟል። አንባቢው መልሱን እዚያው ካገኘ ወደ ጦማሩ ለምን ይሄዳል?

የአካባቢ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያወጣ ከሞጣ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ከሞጣ ወደ ዐባይ ሲወርዱ ያለውን ሰባራ ድልድይ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የታተመውን የዚያን መሻገሪያ ፎቶግራፍ አየ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ድልድዩ ተጠገነ። ጥገናው በኋላ በጎርፍ ሲወሰድ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ድልድይ ሠርቷል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ፎቶግራፍና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው ይህን ሁሉ ያስነሣው። ፎቶግራፉን ያነሣው እንግዳ ነበር፤ የመጽሔቱ ገቢም ወደ መጽሔቱ ሄደ። ሞጣ ተወልዶ ያደገ፣ የመንገዱን ቁልቁለት በእግሩ የሚያውቅ፣ የመርጡለ ማርያምንና የዲማ ጊዮርጊስን ታሪክ ከአባቶች የሰማ ወጣት፣ ለመንገደኛ የሚጠቅም ጽሑፍ ለመጻፍ የጎደለው ምንድን ነው? ሰላሙ ሲመለስ መንገደኛው ይመለሳል፤ መንገደኛውም ከመነሣቱ በፊት የሚያነበውን ይፈልጋል፤ የሆቴልና የጉዞ ኩባንያዎችም ለደላላ ይከፍላሉ።

ቅድም ያቆየሁት የኬላ ነገር ይህ ነው። ሥራው ቢሠራ፣ አንባቢውም ቢገኝ፣ ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? በፔይፓል ከኢትዮጵያ መክፈል ይቻላል እንጂ መቀበል አይቻልም። ቼክ በፖስታ ይመጣል፤ ባንክ እስኪመነዝረው ጊዜ ይፈጃል፤ ክፍያም ይቆረጥበታል። ስለዚህ ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድ በስሙ ሒሳብ እንዲከፍትላቸው ይጠይቃሉ። ይህ ሲሳካ መልካም ነው፤ ሳይሳካ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ዝምድናም ይጠፋል። መዝገቡ በዘመዱ ስም ነው፤ ግብሩ በዘመዱ ላይ ይታሰባል፤ ኩባንያው የመዝገቡ ባለቤትና ሠራተኛው የተለያዩ መሆናቸውን ካወቀ ደግሞ ሁሉንም ሊዘጋው ይችላል። የምትገቡበት ካለ እንደ ማንኛውም ሽርክና በጽሑፍ አድርጉት፤ ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ብትለያዩ መዝገቡ ለማን እንደሚቀር።

የቴሌግራም ኩባንያ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከ1,000 በላይ ተከታይ ላላቸው የሕዝብ ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ማካፈል ጀምሯል፤ የሚከፍለው ግን ቶንኮይን በተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ነው። እርሱን ወደ ብር መለወጥ ሌላ ኬላ ነው፤ እኔ በማላውቀው ሰው እጅ በኩል የሚያልፍ ኬላ እንዲሻገር ለማንም አልመክርም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በሕጋዊው ባንክና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ልዩነት ሰውን ከባንክ ያርቀው ነበር፤ ልዩነቱ በመጥበቡ ለዚህ ሥራ ባንኩ ከቀድሞው የተሻለ መንገድ ሆኗል።

ከሁሉም የሚብሰውን ኬላ ግን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆየ። 180 ቀን የሚለውን የአማዞን ደንብ አስታውሱ። ደንቡ የኔትወርክ መቋረጥን አያውቅም፤ ጦርነትን አያውቅም፤ ቀን ይቆጥራል። ለዓመታት ያከማቸውን አንባቢ በዝምታው ያጣ ሰው አለ። ከዚህ ተነሥቼ የምሰጠው አስተያየት አንድ ነው፤ በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ሥራ ከእርሻው ወይም ከደመወዙ በተጨማሪ ይያዘው እንጂ፣ በሬውን ሸጦ አይግባበት። ጽሑፉንም በስልኩና በፍላሽ ያስቀምጥ፤ ኔትወርክ በሌለበትም ወር መጻፍ ይቻላል።

በሬ ሸጦ ስል በምሳሌ አይደለም የተናገርሁት። በቢሮዬ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው ወላጆቹ ወይፈን ሸጠው «የኦንላይን ቢዝነስ ኮርስ» ያስመዘገቡት ነበር። ኮርሱ ምን አስተማረህ ብዬ ጠየቅሁት። ሌሎች አሥር ሰዎችን እንዴት እንደሚያስመዘግብ ነበር ያስተማሩት። ስለሚሸጠው ዕቃ ጠየቅሁት፤ ዕቃ አልነበረም። የሚሸጠው ራሱ ኮርሱ ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ በስሌት ከክፍሉ ቀዳሚ ነበር። ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእኔ የሚከፈለው ኮሚሽን ከማን ኪስ ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ከአዳራሹ ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ። ገንዘቡ የሚወጣው ዕቃውን ፈልጎ ከገዛው ሰው ከሆነ ድለላ ነው፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ሥራ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ከእናንተ ቀጥሎ ከሚገባው ሰው፣ የእርሱም ከእርሱ ቀጥሎ ከሚገባው ከሆነ ግን ፒራሚድ ነው። እያንዳንዱ አሥር ሰው ቢያስገባ አንዱ አሥር፣ አሥሩ መቶ፣ መቶው ሺሕ ይሆናል፤ በስድስተኛው ዙር አንድ ሚሊዮን፣ በስምንተኛው አንድ መቶ ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል፤ በዘጠነኛው ዙር የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ አይበቃም። ስለዚህ የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ከሳሪ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉም የሚበዛው ነው። በገጠር ይህ ነገር የሚስፋፋው በዝምድና መንገድ ነው፤ አጎት የእህቱን ልጅ፣ የክርስትና አባት የክርስትና ልጁን ያስገባል። ሲፈርስ የሚጣሉት እነርሱ ናቸው፤ ከላይ ያለውን ማንም አያውቀውም። የሸማቾች ጥበቃ ሕጋችን ይህን ዓይነቱን አሻሻጥ ይከለክላል።

በ2016 ዓ.ም. ስልካችሁን ስትነካኩ የዋላችሁባቸው የቴሌግራም ጨዋታዎች፣ እነ ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት፣ ገንዘብ አላስከፈሉምና ፒራሚድ ናቸው አልልም። የወሰዱት ጊዜ ነው። የሃምስተሩ ክፍያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሲደርስ ለወራት የለፉ ብዙዎች ያገኙት የሻይ ዋጋ ያህል ነበር። ለሥልጠና ከሆነ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፤ በነፃ የሚገኘውን ሳይጨርስ ለኮርስ ወይፈን የሚሸጥ ሰው አይኑር።

ስለ ሕግ ጥቂት ቃል ይበቃል። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ጸሐፊው ከሻጩ ጥቅም የሚያገኝ ከሆነ ለአንባቢው እንዲገልጥ ያዝዛል። «ከዚህ ብትገዙ ለእኔ ኮሚሽን ይከፈለኛል» ብሎ መጻፍ ሽያጭ ይቀንሳል ብለው የሚሰጉ አሉ። የከብት ደላላ ኮሚሽኑን ደብቆ አያውቅም፤ ሁለቱም ወገን እያየ ነው የሚቀበለው።

በመጨረሻም ለጀማሪ ከአማዞን የሚቀርብ ገበያ አለ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኤምፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ በስልክ ይንቀሳቀሳል። የእነማይን ነጭ ጤፍ፣ የጮቄን ማር አዲስ አበባ ላይ በስሙ የሚጠይቅ ገዥ አለ፤ የሚፈራው ስሙ ተቀይሮ ሌላ እንዳይሸጥለት ነው። አንድ ወጣት ከሃያ ገበሬዎች ጋር ተስማምቶ፣ ጤፉ የማን ማሳ እንደሆነ ከነፎቶግራፉ እየጻፈ፣ በኩንታል የታወቀ ድርሻ ይዞ ቢያሻሽጥ፣ ኮሚሽኑ በብር ነው፤ የሚያልፍበት ኬላም አንድ ብቻ ነው። ለዚህም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች እዚህ ስላሉ ፈቃዱ በምን ዘርፍ እንደሚወጣ እነርሱ ቢያስረዱን ይሻላል፤ ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።